አርዱዪኖ ኡኖንና ኤል298ኤን ሞተር ድራይቨርን ሳታቃጥሉ ኃይል መስጠት፦ ከባትሪ ምርጫ እስከ መጀመሪያው ሙከራ

ሁለት ቢጫ ዲናሞ (ትንሽ ሞተር)፣ አንድ አርዱዪኖ ኡኖ (ኮድ የሚጫንበት የመቆጣጠሪያ ቦርድ)፣ አንድ ቀይ ኤል298ኤን ሞተር ድራይቨርና ጥቅል ሽቦ። የመጀመሪያ ሮቦት መኪናውን የሚሠራ ተማሪ ጠረጴዛ ላይ ብዙ ጊዜ የሚታየው ይኸው ነው። ኮዱ ቢሳሳት ተስተካክሎ እንደገና ይጫናል፤ ምንም አይጎዳም። ኃይል አሰጣጥ ላይ የሚፈጠር ስህተት ግን በሰከንድ ውስጥ ቦርዱን ይዞት ይሄዳል፤ ለተማሪ ኪስ ደግሞ ሌላ ቦርድ መግዛት ቀላል አይደለም።

ሥራውን ሁሉ የሚመራው ሕግ አንድ ነው፦ የሞተሩ ከረንት በአርዱዪኖው ውስጥ አያልፍም። አርዱዪኖው ትእዛዝ ብቻ ይሰጣል። ሞተሩ የሚበላው ከረንት ከባትሪው ወጥቶ፣ በድራይቨሩ በኩል ሞተሩ ጋ ደርሶ፣ በዚያው በድራይቨሩ በኩል ወደ ባትሪው ይመለሳል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ይህን መንገድ ለመጠበቅ ነው።

ቦርዱ ምን ያህል ይችላል?

ኡኖ ላይ ያለው ኤቲሜጋ328ፒ ቺፕ ከአንድ ፒን በደህና የሚሰጠው 20 ሚሊ አምፔር ገደማ ነው። 40 ሚሊ አምፔር ሊታለፍ የማይገባው ጣሪያ ነው፤ የሁሉም ፒኖች ድምር ደግሞ ከ200 ሚሊ አምፔር መብለጥ የለበትም። ቢጫዋ ዲናሞ ያለ ምንም ጭነት ስትዞር እንኳ ከ100 ሚሊ አምፔር በላይ ትስባለች። ስለዚህ ሞተርን በቀጥታ ፒን ላይ አትሰኩ፤ «ለአንድ ሰከንድ ልሞክረው» ብላችሁም ቢሆን።

«5ቪ» የተጻፈበት ፒንስ? እሱም ለሞተር አይሆንም። ቦርዱ በዩኤስቢ ሲሠራ መስመሩ ላይ ባለ 500 ሚሊ አምፔር ፊውዝ አለ። በክቡ የኃይል ሶኬት ሲሠራ ደግሞ 5 ቮልቱን የሚያወጣው ሬጉሌተር ትርፉን ቮልቴጅ ወደ ሙቀት ቀይሮ ነው የሚያስወግደው። ሙቀቱን ማስላት ቀላል ነው፤ ከሚገባው ቮልቴጅ ላይ 5 ቀንሱና በከረንቱ አባዙ። 12 ቮልት ሰጥታችሁ ቦርዱ 50 ሚሊ አምፔር ቢበላ 0.35 ዋት ነው፣ ችግር የለውም። በዚያው 12 ቮልት 500 ሚሊ አምፔር የሚበላ ሰርቮ (ወደታዘዘበት አቅጣጫ ዞሮ የሚቆም ትንሽ ሞተር) 5ቪው ላይ ብትሰኩ ግን 3.5 ዋት ይሆናል። ጥፍር የምታህለው ሬጉሌተር ይህን ሁሉ ሙቀት የምታወጣበት ቦታ የላትም፤ ጣት እስኪያቃጥል ግላ ራሷን ታጠፋለች።

ለክቡ ሶኬት የሚመከረው ከ7 እስከ 12 ቮልት ነው፤ መሐሉ ፖዘቲቭ፣ ዙሪያው ኔጌቲቭ። ከሶኬቱ ቀጥሎ ሽቦው ቢገለበጥ ቦርዱን የሚያድን ዳዮድ አለ። «ቪን» በሚለው ፒን ስትገቡ ይህ ዳዮድ አይጠብቃችሁም። 5ቪ ፒን ላይ ከሆነ ደግሞ ሬጉሌተሩም ስለሚታለፍ የሰጣችሁት ሁሉ በቀጥታ ቺፑ ላይ ያርፋል፤ ቺፑ ደግሞ ከ6 ቮልት በላይ አይችልም። ለጀማሪ እኔ የምመክረው ክቡን ሶኬት ብቻ ነው።

ሞተሩ ተይዞ ሲቆም የሚበላውን አስሉ

ብዙ ሰው የሚያስበው ሞተሩ በነፃ ሲዞር ስለሚበላው ከረንት ነው። ዕቃ የሚያቃጥለው ግን ተይዞ ሲቆም የሚስበው ነው። ሞተር ከቆመበት በተነሣ ቁጥር ለቅጽበት ያንኑ ያህል ይስባል፤ መኪናዋ ግድግዳ ገፍታ ስትቆምም እንዲሁ።

ይህን ለማወቅ ቴስተር ይበቃል። ሞተሩን ከሁሉም ነገር ነቅላችሁ ቴስተሩን ኦም ላይ፣ 200 የሚለው ቦታ አድርጉ። መጀመሪያ ሁለቱን የቴስተር ጫፎች እርስ በርስ አነካክታችሁ የሚያሳየውን ያዙ፤ 0.3 ወይም 0.5 ቢል አይግረማችሁ፣ የራሱ የሽቦው ነው። ከዚያ ጫፎቹን ሞተሩ ላይ አድርጋችሁ ዘንጉን በእጃችሁ ቀስ እያላችሁ አዙሩት። ቁጥሩ ይዘላል። ዝቅተኛውን ያዙና የቴስተሩን ሽቦ ቀንሱለት። 5 ኦም ቢወጣ፣ 6 ቮልት ለ5 ኦም ሲካፈል 1.2 አምፔር ነው። ሁለት ሞተር ሲሆን 2.4 አምፔር። የባትሪው፣ የሽቦውና የፊውዙ ምርጫ የሚነሣው ከዚህ ቁጥር ነው።

የትኛው ባትሪ?

አራት ማዕዘኗን ባለ 9 ቮልት ባትሪ ተዋት። ትንሽ ከረንት ለሚበሉ ዕቃዎች የተሠራች ስለሆነች ውስጣዊ ሬዚስታንሷ ትልቅ ነው፤ ሞተሩ አንድ አምፔር ሲጠይቃት ቮልቴጇ ወዲያው ይወርዳል፣ አርዱዪኖውም ይጠፋል ይበራል። ብዙ ጀማሪዎች ኮዳቸውን ደጋግመው የሚያርሙት በዚህች ባትሪ ምክንያት ነው።

አራት የባትሪ ድንጋይ በተርታ 6 ቮልት ይሰጣል። እሱም አይበቃም፤ ምክንያቱ ያለው ድራይቨሩ ውስጥ ነው። ኤል298ኤን የድሮ ዓይነት ባይፖላር ትራንዚስተሮችን ስለሚጠቀም በእሱ ሲያልፍ ቮልቴጅ ይጎድላል። አምራቹ ባወጣው ሰንጠረዥ በ1 አምፔር ከ1.8 እስከ 3.2 ቮልት፣ በ2 አምፔር ደግሞ እስከ 4.9 ቮልት ሊጎድል ይችላል። 6 ቮልት ብትሰጡት ሞተሩ ጋ የሚደርሰው 4 ወይም ከዚያ በታች ነው። የጎደለው የትም አይሄድም፣ ድራይቨሩ ላይ ሙቀት ይሆናል።

የእኔ ምርጫ ሁለት 18650 ሊቲየም ሴል በተከታታይ ነው። ሙሉ ሲሆኑ 8.4 ቮልት፣ በመደበኛነት 7.4 ናቸው። ድራይቨሩ 2 ቮልት ያህል ሲወስድ ሞተሩ 6 ቮልት ገደማ ያገኛል፤ ቢጫዋ ዲናሞም የተሠራችው ከ3 እስከ 6 ቮልት ነው። ሊቲየም ካላገኛችሁ ስድስት አልካላይን የባትሪ ድንጋይ በተርታ 9 ቮልት ስለሚሆን ያሠራል።

ሊቲየም ላይ ግን ጥንቃቄ አትቀንሱ። ከአሮጌ ላፕቶፕ የወጣ ሴል ከሆነ ቮልቴጁን ለኩ፤ ከ2.5 በታች ወርዶ የቆየ ሴል ቻርጅ ለማድረግ መሞከር የለበትም። የተበላሸ ወይም የተላጠ ልባስ ያለውን አትጠቀሙ። ሁለቱም አንድ ዓይነት ይሁኑ፣ ከመግባታቸው በፊትም ሁለቱም ሙሉ ቻርጅ ይደረጉ። ሽፋኑ ላይ «9900 ሚሊ አምፔር ሰዓት» የሚል ካያችሁ አትመኑት፤ የታወቁት የዚህ መጠን ሴሎች በአብዛኛው ከ2000 እስከ 3500 መካከል ናቸው። የሚሞሉት 4.2 ቮልት ላይ በሚቆም የሊቲየም ቻርጀር ብቻ ነው፣ ሰው ባለበት። ሌሊቱን ሙሉ ሰክቶ መተኛት አይሆንም።

የሚያስፈልጉ ሌሎች ዕቃዎች

ባለ 3 አምፔር ፊውዝ ከነመያዣው፣ ማብሪያ ማጥፊያ፣ ቢያንስ 0.5 ሚሜ ካሬ የሆነ ቀይና ጥቁር ሽቦ፣ ለክቡ ሶኬት የሚሆን ባለ 2.1 ሚሜ መሰኪያ፣ ባለ 470 ወይም 1000 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር (16 ቮልት ወይም ከዚያ በላይ የሚችል)፣ ሁለት ባለ 100 ናኖ ፋራድ ሴራሚክ ካፓሲተር፣ አራት ባለ 10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር። አንድ ተጨማሪ ነገር ከመኪና ዕቃ መሸጫ ግዙ፦ ባለ 12 ቮልት 5 ዋት አምፖል። ጥቅሙን በኋላ ታዩታላችሁ።

የሞተሩን መስመር ብሬድቦርድ (ሳይበየድ ሽቦ የሚሰካበት ባለ ቀዳዳ ሰሌዳ) ላይ አታሳልፉ። የብሬድቦርድ ቀዳዳና ቀጫጭኖቹ የጃምፐር ሽቦዎች ለሲግናል እንጂ ለሁለት አምፔር የተሠሩ አይደሉም።

ደረጃ 1፦ ዋናው መስመር

ባትሪው ከመያዣው ወጥቶ ይሁን። ከባትሪ መያዣው ፖዘቲቭ ተነሡና ፊውዙን በተቻለ መጠን ለባትሪው ቅርብ አድርጋችሁ አስገቡ፤ ከፊውዙ በፊት ያለ ሽቦ ኮንታክት ቢፈጥር የሚቆርጠው ነገር የለም። ከፊውዙ ቀጥሎ ማብሪያ ማጥፊያው። ከማብሪያው በኋላ መስመሩ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ወደ ድራይቨሩ፣ ሌላው ወደ አርዱዪኖው ክብ ሶኬት መሐል።

ድራይቨሩ ላይ ሦስት የሽቦ ማሰሪያ ያለው ሰማያዊ ተርሚናል አለ፦ «12ቪ»፣ «ጂኤንዲ» (ግራውንድ፣ የኔጌቲቩ መስመር)፣ «5ቪ»። 12ቪ የሚለው ጽሑፍ የግድ 12 ቮልት ይግባበት ማለት አይደለም፤ የሞተሩ ኃይል መግቢያ ነው፣ 7.4 ቮልታችሁም የሚገባው እዚያ ነው።

ከባትሪው ኔጌቲቭም ሁለት ሽቦ አውጡ፤ አንዱ ወደ ድራይቨሩ ጂኤንዲ፣ ሌላው ወደ መሰኪያው ዙሪያ። የድራይቨሩን ጂኤንዲ በካቻቪቴ በደንብ አጥብቃችሁ ሽቦውን ጎተት አድርጋችሁ ፈትኑ። ይህች አንዲት ብሎን ከላላች የሞተሩ ከረንት መመለሻ ስለሚያጣ በቀጭኗ የሲግናል ግራውንድ ሽቦ በኩል አድርጎ አርዱዪኖው ውስጥ ያልፋል። መኪናዋ መሄዷን ስለማታቋርጥ ሽቦው መሽተት እስኪጀምር ድረስ ማንም አያውቅም። ከሁሉም ግንኙነት በላይ ይህችን ደጋግሜ እንድታዩልኝ የምለምነው ለዚህ ነው።

ደረጃ 2፦ ካፓሲተሮች

ትልቁን ካፓሲተር ድራይቨሩ ላይ በ12ቪና በጂኤንዲ መካከል እሰሩ። ጎኑ ላይ ሰረዝ ያለበት እግር ወደ ጂኤንዲ ነው፤ ከተገለበጠ ሊፈነዳ ይችላል። ሞተሩ ሲነሣ የሚጠይቀውን ድንገተኛ ከረንት በከፊል የሚሸፍነው እሱ ነው። ትንንሾቹ ሴራሚኮች በየሞተሩ ሁለት እግሮች ላይ በቀጥታ ይበየዳሉ፣ የካርቦን ብሩሾቹ የሚፈጥሩትን የኤሌክትሪክ ብጥብጥ ለማፈን። እነዚህ የሚገለበጥ ጎን የላቸውም።

ደረጃ 3፦ የድራይቨሩ ጃምፐሮች

ከተርሚናሉ አጠገብ ያለችው ጃምፐር (ሁለት ፒን የምታገናኝ፣ የምትነቀል ትንሽ ክዳን) ድራይቨሩ ላይ ያለውን 5 ቮልት ሬጉሌተር ታበራለች። እስከ 12 ቮልት ድረስ ስትሰጡ ባለችበት ትቀመጥ፤ የድራይቨሩ ሎጂክ ኃይሉን ከዚያ ያገኛል። ከ12 በላይ ከሆነ ትነቀልና 5 ቮልት ከውጭ ይሰጠዋል። እኛ 7.4 ስለሆንን አንነካትም።

አሁን ልብ በሉ፦ ጃምፐሯ ባለችበት ጊዜ 5ቪ የሚለው ተርሚናል መውጫ ነው። ከአርዱዪኖው 5ቪ ፒን ጋር አታገናኙት። ካገናኛችሁ ሁለት ሬጉሌተሮች አንድ መስመር ላይ ይገፋፋሉ፤ ዩኤስቢ ሲሰካ ደግሞ ከድራይቨሩ የሚመጣው ወደ ኮምፒውተሩ ፖርት ሊመለስ ይችላል። ባዶውን ተዉት። አርዱዪኖው ኃይሉን በክቡ ሶኬት እያገኘ ነው። በዚያ ሶኬት ሲሠራ ዩኤስቢም ቢሰካ ችግር የለም፤ ኡኖ ላይ የትኛውን መስመር እንደሚጠቀም የሚመርጥ ሰርኪዩት አለ።

ደረጃ 4፦ የሲግናል ሽቦዎች

የድራይቨሩን የፍጥነት ፒኖች፣ ማለትም «ኢኤንኤ»ን ከአርዱዪኖው ፒን 5፣ «ኢኤንቢ»ን ከፒን 6 ጋር አገናኙ፤ የነበሩባቸውን ጃምፐሮች ነቅላችሁ። 9 እና 10ን አትያዙ። በኋላ ሰርቮ ብትጨምሩ የሰርቮው ላይብረሪ እነዚህ ሁለት ፒኖች ላይ ፍጥነት መቆጣጠሩን ያጠፋዋል። አራቱ የአቅጣጫ ፒኖች 7፣ 8፣ 11 እና 12 ላይ ይሁኑ። በመጨረሻ አንድ ሽቦ ከአርዱዪኖው ጂኤንዲ ወደ ድራይቨሩ ጂኤንዲ፣ ከሲግናሎቹ ጋር ጎን ለጎን።

አርዱዪኖ ሲነሣ ፒኖቹ ለጥቂት ጊዜ ምንም ትእዛዝ አይሰጡም። በዚያ ጊዜ ሞተሩ ያለ ፈቃድ እንዳይነሣ ከኢኤንኤና ከኢኤንቢ ወደ ጂኤንዲ ባለ 10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር አንድ አንድ አድርጉ። ሁለቱ የቀሩት ሬዚስተሮች ለባትሪ መለኪያ ናቸው።

ደረጃ 5፦ የመጀመሪያው ማብራት

ሞተሮቹን ከድራይቨሩ ንቀሉ። ቴስተሩን ድምፅ በሚያሰማበት ቦታ አድርጋችሁ ከማብሪያው በኋላ ባለው ፖዘቲቭና በኔጌቲቭ መካከል ፈትሹ። በካፓሲተሩ ምክንያት ለቅጽበት ጮሆ ቢያቆም ደህና ነው። ሳያቋርጥ ከጮኸ ኮንታክት አለ፤ አታብሩ።

ቀጥሎ ፊውዙን አውጥታችሁ በቦታው ያን የመኪና አምፖል አስገቡ። ጥገና ቤቶች ከጥንት የሚጠቀሙበት ዘዴ ነው። የሆነ ቦታ ኮንታክት ካለ አምፖሉ በርቶ ይቀራል፣ ከረንቱም ከግማሽ አምፔር በታች ይታፈናል፤ ቦርዱም ሽቦውም ይተርፋሉ። ሁሉ ነገር ደህና ከሆነ ካፓሲተሩ ሲሞላ ብልጭ ብሎ ይጠፋል።

ክቡን መሰኪያ ገና አትሰኩት። ባትሪውን አስገቡና አብሩ። ቴስተሩን ዲሲ ቮልት ላይ አድርጋችሁ ድራይቨሩ ላይ 12ቪና ጂኤንዲን ለኩ፤ የባትሪያችሁን ቮልቴጅ ማየት አለባችሁ። 5ቪ ተርሚናሉ ከ4.8 እስከ 5.2 መካከል ይሁን። መሰኪያውንም ለኩ፤ ቀዩ ጫፍ መሐሉ ላይ ሆኖ ቴስተሩ የመቀነስ ምልክት ካሳየ ተገልብጧል ማለት ነው። አጥፍታችሁ አስተካክሉ። ሁሉም ከተስተካከለ መሰኪያውን ሰኩ፤ የአርዱዪኖው አረንጓዴ መብራት ይበራል፣ 5ቪ ፒኑም 5 ቮልት ገደማ ያሳያል። አሁን አጥፍታችሁ አምፖሉን በፊውዙ ተኩ።

ደረጃ 6፦ ሞተሮቹ

አጥፍታችሁ ሞተሮቹን እሰሩ። መኪናዋን መጽሐፍ ወይም ሳጥን ላይ አስቀምጡ፣ ጎማዎቹ አየር ላይ ይሁኑ። ኮዱ ፍጥነቱን ከ0 ጀምሮ ቀስ በቀስ በግማሽ ሰከንድ ያህል ወደ ላይ ያውጣው። ከ0 በቀጥታ ወደ 255 (ሙሉ ፍጥነት) መዝለል፣ ወይም ወደፊት እየሄደ ሳለ ሳይቆም ወደ ኋላ ማዞር ከሁሉ የከፋውን ከረንት ይስባል። አቅጣጫ ከመቀየራችሁ በፊት ለአፍታ አቁሙት።

ጎማዎቹ እየዞሩ ሳለ የቴስተሩን ጫፎች የአርዱዪኖው 5ቪና ጂኤንዲ ላይ አድርጉና አንዱን ጎማ በእጅ ለአንድ ሰከንድ ያዙት። ቁጥሩ ከ4.75 በታች መውረድ የለበትም። ከወረደ ባትሪው ደክሟል ወይም ሽቦው ቀጥኗል። ቴስተር ፈጣን ውድቀትን ስለማያሳይ ግን ቁጥሩ ደህና ሆኖም ቦርዱ እንደገና ሊነሣ ይችላል፤ ወደዚያ እመለሳለሁ።

ለአምስት ደቂቃ ካሠራችሁ በኋላ የድራይቨሩን ጥቁር ብረት ማቀዝቀዣ በጥንቃቄ ንኩ። ጣት ማሳረፍ ካልተቻለ ጭነቱ በዝቷል። ቺፑ ለአንድ ሞተር 2 አምፔር ይችላል ተብሎ ይሸጣል፤ ያለ ማራገቢያ እኔ ከ1 አምፔር በላይ ለረጅም ጊዜ አላስኬደውም። አዲስ አበባ ከ2300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፣ ማቀዝቀዣውም ባሕር ወለል ላይ እንደሚሠራው አይሠራም።

የባትሪ መለኪያ

ሊቲየም ሴል ከመጠን በላይ ከተራቆተ ይሞታል። ሁለቱን የቀሩ 10 ኪሎ ኦም ሬዚስተሮች በተከታታይ አገናኙ፤ አንዱ ጫፍ ከማብሪያው በኋላ ካለው ፖዘቲቭ፣ ሌላው ከጂኤንዲ፣ መሐላቸው ከአናሎግ ፒን 0 ጋር። ቮልቴጁ ለሁለት ስለሚካፈል 8.4 ቮልት 4.2 ሆኖ ይደርሳል። ለመቁረጫ 6.6 ቮልት፣ ማለትም ለአንድ ሴል 3.3 ተጠቀሙ፤ አናሎግ ንባቡ 675 ገደማ ይሆናል። ሞተር ሲነሣ ቁጥሩ ለቅጽበት ስለሚወርድ ደጋግሞ ለጥቂት ሰከንድ ከ675 በታች ሲሆን ብቻ ኮዱ ሞተሮቹን ያቁም። ሽቦውን ከማብሪያው በፊት አትውሰዱ፤ ቦርዱ ጠፍቶ ሳለ በአናሎግ ፒኑ በኩል ከረንት ይገባበታል።

ሰርቮ ወይም ሌላ ከባድ ዕቃ ሲጨመር

የራሱን 5 ቮልት ስጡት፣ በኤልኤም2596 ዓይነት ዝቅ ማድረጊያ ሞጁል። ሞጁሉን ምንም ሳታገናኙበት ከባትሪው ጋር አድርጋችሁ በትንሿ ቢጫ ብሎን መውጫውን 5.0 ላይ አስተካክሉ። ሲገዛ መውጫው ስንት ላይ እንደተቀመጠ አይታወቅም። ብሎኗም ብዙ ዙር ስላላት ቁጥሩ መንቀሳቀስ እስኪጀምር አሥር ዙርና ከዚያ በላይ ልትፈልግ ትችላለች፤ ተበላሽቷል ብላችሁ አትጣሉት። ኔጌቲቩ ከሌሎቹ ጋር አንድ ይሆናል።

ቦርዱ ሞተር ሲነሣ እየጠፋ ከተነሣ

ምልክቱ ግልጽ ነው፤ ፒን 13 ላይ ያለችው መብራት ብልጭ ብልጭ ትልና ፕሮግራሙ ከመጀመሪያው ይጀምራል። በዚህ ቅደም ተከተል ፈልጉ። ባትሪው ጭነት ላይ ሆኖ ስንት ነው? ጂኤንዲ ብሎኖች ጠብቀዋል? የአርዱዪኖው ኃይል ከባትሪው በራሱ ሽቦ ነው የሚመጣው ወይስ ከድራይቨሩ ተርሚናል ተቀጥሎ? ሴራሚክ ካፓሲተሮቹ ሞተሩ ላይ ናቸው ወይስ ከሽቦው ማዶ? የሞተር ሽቦዎችን እርስ በርስ ጠምዝዛችሁ ከሲግናል ሽቦዎች አርቁ።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ካልተስተካከለ ድራይቨሩን በቲቢ6612ኤፍኤንጂ ተኩት። በሞስፌት (ሌላ ዓይነት ትራንዚስተር) የተሠራ ስለሆነ ቮልቴጅ የሚያስቀረው ጥቂት ነው፣ ብዙም አይግልም፤ ለአንድ ሞተር ግን ያለማቋረጥ 1.2 አምፔር ብቻ ይችላል፣ ከ13.5 ቮልት በላይም አትስጡት። ከተካችሁት ኮዱ ላይ የፍጥነቱን ጣሪያ ከ255 ወደ 180 አውርዱ፤ ሙሉ ባትሪ ያለው 8.4 ቮልት አሁን ሳይቀነስ ወደ ባለ 6 ቮልቷ ዲናሞ ስለሚደርስ።